አሥር ደቂቃ ሳቅ ከአሰላ

አሰላን በፊልም የሚያውቃት የውጭ አገር ተመልካች የሚያውቃት በሩጫ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ለሕዝብ የቀረበው «ኢንዱራንስ» የኃይሌ ገብረ ሥላሴን ልጅነት ተከትሎ እዚያው አካባቢ የተቀረጸ ፊልም ነው። ዳይሬክተሩ እንግሊዛዊው ሌስሊ ውድሄድ፣ ከፕሮዲውሰሮቹ አንዱ አሜሪካዊው ቴረንስ ማሊክ፣ አከፋፋዩ ደግሞ ዲዝኒ ነበር። ትንሹን ኃይሌን ሆኖ የተወነው የገዛ ዘመዱ ነው። ከ13 ዓመት በኋላ፣ በ2012፣ የጄሪ ሮዝዌል ዘጋቢ ፊልም «ታውን ኦፍ ረነርስ» በኒው ዮርኩ ትራይቤካ ፌስቲቫል ታየ፤ ቦታው በቆጂ፣ ባለታሪኮቹ በአሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ እጅ የሚያድጉ ሁለት ልጃገረዶች ናቸው። በ2014 የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ «ድፍረት» በሰንዳንስ ፌስቲቫል የተመልካቾችን ሽልማት ወሰደ። የዚህ ፊልም መነሻ ደግሞ አርሲ ውስጥ የተጠለፈች የ14 ዓመት ልጅ ጉዳይ ነው።

ሦስቱም የሚገባቸውን ክብር ያገኙ ሥራዎች ናቸው፤ አንዱንም አልነቅፍም። ሦስቱን አከታትሎ ያየ ሰው ግን አርሲ የሚሮጥና የሚያለቅስ ሰው አገር ነው ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም። በ«ታውን ኦፍ ረነርስ» ታሪኩን የሚተርከው፣ ኪዮስክ ውስጥ የሚውለው ልጅ አልፎ አልፎ ፈገግ ያሰኛል፤ ከዚያ ውጭ ደጋው ሲስቅ አይታይም።

አሰላ መናኸሪያ አጠገብ ሻይ ቤት ገብቶ ግማሽ ሰዓት የተቀመጠ ሰው ደግሞ ሌላ አገር ያያል። የባጃጅ ሾፌሩና ባለጋሪው በማን መንገድ ማን እንደገባ ይከራከራሉ። አንዱ በኦሮምኛ ጀምሮ በአማርኛ ይጨርሳል፤ ሌላው በአማርኛ የሰማውን በኦሮምኛ ይመልሳል። ሳቁ የሚፈነዳው አብዛኛውን ጊዜ ልክ ቋንቋው በተቀየረበት ቦታ ላይ ነው፤ ቀልዱ ከቃሉ ይልቅ በመሻገሩ ውስጥ ተቀምጧልና። ይህን ሳቅ አሥር ደቂቃ በሚሆን አጭር ፊልም ይዞ በየፌስቲቫሉ ማዞር ይቻላል ወይ? እንደሚቻል አምናለሁ። የሚያስቸግረው የሳቁ አገርኛነት አይደለም። ችግሩ ሁለት ነው፦ የመንገዱ ሕግ በደንብ አለመታወቁና ቀልዱ የሚቀመጥበት ቦታ አለመመረጡ። ሁለቱንም በዝግታ ላስረዳ።

አጭር ኮሜዲ ከፊልም ጥበብ ጋር እኩል የተወለደ ነገር ነው። የሉሚየር ወንድማማቾች ፓሪስ ውስጥ ከፍሎ ለገባ ሕዝብ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊልም ያሳዩት በታኅሣሥ 1888 ዓ.ም. ነው፤ ከአድዋ ድል ሁለት ወር ቀደም ብሎ መሆኑ ነው። ያን ዕለት ከታዩት አሥር ቁርጥራጭ ፊልሞች አንዱ ደቂቃ የማይሞላ ቀልድ ነበር። አትክልተኛው በጎማ ውሃ ሲያጠጣ አንድ ልጅ ከኋላ መጥቶ ጎማውን ይረግጣል። ውሃው ይቆማል። ምን ነካው ብሎ አፈ ጎማውን ወደ ዐይኑ ሲያስጠጋ ልጁ እግሩን ያነሣል፤ ውሃው ፊቱን ያለብሰዋል። አንድ ቃል አይነገርበትም። ዛሬ አሰላ አደባባይ ላይ ቢታይ ሕፃን አዋቂው ይስቃል።

በእኛም አገር የመጀመሪያው ዘመናዊ ተውኔት ኮሜዲ ነው። ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1913 ዓ.ም. ገደማ ያዘጋጁት «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» እንስሳትን እያናገረ የዘመኑን ሹማምንት ጉድለት ነካ፤ በንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱም ታገደ። ቲያትራችን በሳቅ ጀመረ ማለት ነው፤ ያውም ቤተ መንግሥትን ባስደነገጠ ሳቅ። የአማርኛ ሲኒማም ቢሆን ቤቱን ያቆመው በብዛት በኮሜዲ ነው፤ በ1999 ዓ.ም. አካባቢ ከወጣው «የወንዶች ጉዳይ» ወዲህ ፖስተሩ ላይ «የፍቅር ኮሜዲ» የተባለ ፊልም ስንት እንደሆነ የሲኒማ ቤት ደንበኛ ሁሉ ያውቃል። እነዚህ ፊልሞች ግን ለአዲስ አበባ ሲኒማ ቤት የተሰፉ፣ ወደ ሁለት ሰዓት የሚጠጉ ናቸው። ፌስቲቫል ለመዞርም አልታሰቡም።

ፌስቲቫል የዞሩትን ደግሞ እንያቸው። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ፣ በ2009 በዋጋዱጉው ፌስፓኮ ተሸልሟል። የያሬድ ዘለቀ «ላም» በ2015 ካን ላይ ታየ። በዚያው ዓመት የሕይወት አድማሱ አጭር ፊልም «ኒው አይስ» ቬኒስ ደረሰ፤ በ2024 የቤዛ ኃይሉ ለማ አጭር ፊልም «አልዓዛር» በካን የሐያሲያን ሳምንት ታየ። አገር የምትኮራባቸው ሥራዎች ናቸው፤ ሁሉም ግን በሐዘን ወይም በጽሞና ቃና የተሠሩ ናቸው። ከእነዚህ ወጣ የሚለው ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ ኢትዮጵያ ውስጥ የሠራውና ዳንኤል ታደሰ የተወነበት «ክራምብስ» ነው፤ በ2015 ሮተርዳም ላይ የታየ፣ የፕላስቲክ አሻንጉሊት እንደ ቅርስ የሚከበርበት እንግዳ ዓለም። እሱም ቢሆን የሚያስቀው በእንግድነቱ እንጂ እኛ እርስ በርሳችን በምንሳሳቅበት መንገድ አይደለም። ኮሜዲያችን አገር ውስጥ ቀርቶ ሐዘናችን ብቻ ፓስፖርት ያወጣበት ምክንያት ምንድን ነው?

አንዱ ምክንያት ርዝመት ነው። «አጭር ፊልም» የሚባለው ልኩ እንደየቤቱ ይለያያል። ካን ለአጭር ፊልም ውድድሩ የሚቀበለው ከነስም ዝርዝሩ 15 ደቂቃ ያልበለጠውን ብቻ ነው። ቬኒስ እስከ 20፣ በርሊን እስከ 30 ደቂቃ ይፈቅዳሉ፤ ኦስካር እስከ 40 ይሄዳል። እነዚህ ቁጥሮች የሚወስኑት ግን በር መክፈትና መዝጋትን ብቻ ነው፤ ከበሩ ወዲያ ሌላ ሒሳብ አለ። ሰንዳንስ ለ2024 ዝግጅቱ ከ12,000 በላይ አጭር ፊልም ቀርቦለት የመረጠው 53 ነው። ከ220 በላይ ፊልም አንድ ማለት ነው። ይህን ክምር የሚያዩት መራጮች ሰዎች ናቸው፤ ይደክማቸዋል፣ ይሰለቻቸዋል፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ደቂቃዎች ካልያዟቸው ወደሚቀጥለው ያልፋሉ።

እዚህ ላይ ለኮሜዲ የሚያደላ አንድ ነገር አለ፤ ብዙ ጀማሪዎች ስለማያውቁት ጠበቅ አድርጌ ልናገረው። አጭር ፊልም በፌስቲቫል ለብቻው አይታይም። አምስት፣ ስድስት፣ አንዳንዴም ስምንት ሆኖ የአንድ ሰዓት ተኩል ጥቅል ይሆናል። መራጩ ጥቅሉን ሲያዘጋጅ ስደት፣ ጦርነት፣ ሞት፣ የታመመ ልጅ፣ የጠፋ አባት ይደራረብበታል። አዳራሹ ውስጥ ያለ ሰው በተከታታይ ሦስት ጊዜ አልቅሶ አራተኛውን ማየት አይችልም፤ መተንፈሻ ይፈልጋል። የስምንት ደቂቃ ኮሜዲ ያን ጊዜ እንደ ቀዝቃዛ ውሃ ነው። መራጩ እየፈለገ የሚያጣው ነገር ነውና የማንም አገር ይሁን ደስ ብሎት ይወስደዋል። የ28 ደቂቃ ኮሜዲ ግን የሦስት ፊልም ቦታ ስለሚበላ ከሦስቱም ድምር በልጦ መገኘት አለበት። አንድ አይነት ቀልድ፣ አንድ አይነት ተዋናይ፣ በርዝመቱ ብቻ አንዱ ይገባል ሌላው ይቀራል።

ሳቅን ለይቶ የሚያከብር ቤትም አለ። በፈረንሳይ ክሌርሞን ፌራን ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ የሚካሄደው የአጭር ፊልም ፌስቲቫል በዓይነቱ ከዓለም ትልቁ ነው፤ በአንድ ዝግጅት ከ150,000 በላይ ትኬት ይቆረጥበታል። ጥር መጨረሻ ላይ፣ በብርዱ፣ የከተማው ሰው አሥር ደቂቃ ፊልም ለማየት ተሰልፎ ይቆማል። ከሽልማቶቹ አንዱ በከተማዋ ተወላጅ በኮሜዲያኑ ፈርናን ሬኖ ስም የሚሰጥ የሳቅ ሽልማት ነው። እንደ አርቴና ካናል ፕሉስ ያሉ ጣቢያዎች አጭር ፊልም ስለሚገዙም ገበያው እዚያው ፌስቲቫሉ ውስጥ ነው። እኔ አሰላ ላይ ኮሜዲ የሠራ ወጣት ቢያማክረኝ ከካን በፊት ይህን ስም እነግረው ነበር።

ቀጥሎ ገንዘብ ነው፤ እዚህ ላይ ነገሩ መራራ ነው። ፊልም የሚላከው ፊልምፍሪዌይን በመሰሉ ድረ ገጾች በኩል ሲሆን አብዛኛው ፌስቲቫል የመመዝገቢያ ክፍያ ይጠይቃል፤ ከአሥር እስከ ሃምሳ ዶላርና ከዚያም በላይ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲመነዘር ከመወሰኑ በፊት ዶላሩ በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በወራት ውስጥ ከ120 ብር በላይ ሆነ። ስለዚህ 40 ዶላር የሚያስከፍል ፌስቲቫል ከ2,300 ብር ወደ 4,800 ብር ዘለለ። ሃያ ፌስቲቫል ለመሞከር ያሰበ ወጣት ፊልሙን ከሠራበት ገንዘብ በላይ ለመላኪያ ያወጣል ማለት ነው፤ በዶላር የሚከፍል ካርድ ማግኘቱ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። መፍትሔው ግን አለ፤ ብዙ ሰው ስለሚያፍር ነው የማይጠቀምበት። ክፍያ የማይጠይቁ ፌስቲቫሎች አሉ። የሚጠይቁትም ቢሆኑ ከአፍሪካ የሚመጣ ፊልም ሰሪ በሦስት መስመር ኢሜይል ክፍያው እንዲነሣለት ቢለምን ብዙዎቹ ያነሡለታል። ልመና አይደለም፤ የተለመደ አሠራር ነው። መራጮቹ ከኢትዮጵያ ኮሜዲ አዘውትሮ ስለማይመጣላቸው ለማየት ይጓጓሉ።

ሌላው ሕግ ቅደም ተከተል ነው። የአንድ አጭር ፊልም ዙረት ከአንድ ዓመት እስከ ሁለት ዓመት ይፈጃል። ትልልቆቹ ፊልሙ ከእነሱ በፊት ሌላ ቦታ አለመታየቱን ይፈልጋሉ፤ ስለዚህ ከትልቁ ጀምሮ ወደ ትንሹ ይወረዳል እንጂ ከትንሹ ወደ ትልቁ መውጣት ይከብዳል። ሰንዳንስ በአጭር ፊልም ላይ ይህን ግዴታ አይጥልም፤ ካን ግን ይጥላል። ከአፍሪካ ደርባንን ማሰብ ያዋጣል፤ እዚያ ያሸነፈ አጭር ፊልም ለኦስካር መወዳደር ይችላል። በየሁለት ዓመቱ የሚመጣው ፌስፓኮም እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ አለ፤ ለአጭር ፊልም የራሱ ሽልማት አለው። ዛንዚባርም ለእኛ ቅርብ ነው።

እንግዲህ የዘመኑ ትልቅ ፈተና ዩቲዩብ ነው። ዛሬ በኦሮምኛም በአማርኛም አሥር ደቂቃ ቀልድ የሚሠራ ወጣት ማታ ቀርጾ ጠዋት ይጭናል። በሳምንት ውስጥ መቶ ሺህ ሰው ያይለታል፤ ትንሽ ገንዘብም ይመጣለታል። ይህን ያደረገ ልጅ ግን ለብዙ ፌስቲቫሎች በሩን በራሱ እጅ ዘግቷል፤ ኢንተርኔት ላይ የወጣ ፊልም ለእነሱ ያለቀለት ፊልም ነውና። ኦስካርም ቢሆን በሲኒማ ወይም በፌስቲቫል ብቁ ሳይሆን በፊት ኢንተርኔት ላይ የታየውን አይቀበልም። ለዕለት ጉርሱ የሚሠራን ልጅ «ዓመት ጠብቅ» ማለት ቀላል አይደለም፤ ማንም ሊፈርድበት አይገባም። እኔ የማስበው መንገድ ከአሥር ሥራው ዘጠኙን ለዩቲዩብ፣ አንዷን ለመንገዱ ማስቀመጥ ነው። አንዷን፣ ግን በደንብ የታሰበችውን።

በደንብ የታሰበች ስል ምን ማለቴ ነው? አንድ ትዕይንት ልፍጠርና እሱን እንየው። ኅዳር መጨረሻ፣ ኢተያ አካባቢ፣ ስንዴው ደርቋል። ጭላሎ ተራራ ላይ ያለ ወቅቱ ደመና ተከምሯል። በቀበሌው ያለው ኮምባይነር አንድ ነው፤ ወረፋውን የያዘው የደላላው ረዳት የሆነ የሃያ ዓመት ጎረምሳ ነው። ጠዋት ላይ ሽማግሌው ባለማሳ ይህን ጎረምሳ አጥራቸው ሥር ቆሞ ስልክ ሲያወራ አይተው ያባርሩታል፦ «አንተ! እዚህ ምን ትሠራለህ? ዞር በል!» ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ይሰማል፤ ጎረቤት መጥቶ ወረፋው በማን እጅ እንዳለ ይነግራቸዋል። ማታ ጎረምሳው በደጃቸው ሲያልፍ ሽማግሌው ከበሩ ወጥተው ጋቢያቸውን አስተካክለው እንዲህ ይላሉ፦ «ኧረ ይግቡ፤ ምነው ቆሙ?»

ለአማርኛ ተናጋሪ ቀልዱ እዚህ ላይ አልቋል። «ይግቡ» የምትለው አንዲት ቃል ሁሉንም ነገር ይዛለች፤ ሰባ ዓመት የሞላቸው ሰው ለልጅ ልጃቸው እኩያ «እርስዎ» ሲሉ። በኦሮምኛም ልክ እንደዚያው ነው፤ «አቲ» ብለው ያባረሩትን «ኢሲን» ሲሉት የአሰላ አዳራሽ ይፈነዳል። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ወደ እንግሊዝኛ ለመመለስ እኔ ራሴ ቁጭ ብዬ ሞክሬያለሁ። እንግሊዝኛ ለአንተም ለእርስዎም አንድ ቃል ነው ያለው፤ ጠዋት ያባረሩበትና ማታ የጋበዙበት ቃል አንድ ይሆናል፤ ቀልዱ ሞቶ ተራ ግብዣ ይቀራል። «ጌታዬ» የሚል ነገር ጨመርኩበት፤ ሽማግሌው የሆቴል አስተናጋጅ መሰሉብኝ። ወደ ፈረንሳይኛ ግን ቀልዱ ሕያው ሆኖ ይሻገራል፤ ፈረንሳይኛ እንደ እኛው ሁለት መጠሪያ አለው፤ የቅርብና የአክብሮት። ክሌርሞን ፌራንን ቀድሜ ያነሣሁበት ሌላው ምክንያት ይህ ነው። የትርጉም ጽሑፍ ቴክኒካዊ የሚመስል ሥራ ነው፤ ፊልሙ የት እንደሚሳቅበት የሚወስነው ግን እሱ ነው።

ጽሑፉ ራሱ የሚገዛበት ልክ አለው። በተለመደው አሠራር ከሁለት መስመር አይበልጥም፤ አንዱ መስመር ከ42 ፊደል አካባቢ አያልፍም። የእኛን ሰላምታ አስቡት፦ እንደምን አደሩ፣ ልጆች እንዴት ናቸው፣ ከብቱስ፣ እህሉስ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እሺ እንደምን አደሩ። በኮሜዲ ውስጥ ሳቁ የሚመጣው ከርዝመቱ ነው፤ ሰውየው ቤቱ እየተቃጠለ ሰላምታውን ሲጨርስ። ይህ በሁለት መስመር አይገባም፤ መግባትም የለበትም። አዋቂ ተርጓሚ ከሦስተኛው «እንደምን አደሩ» በኋላ ጽሑፉን ባዶ ይተወዋል፤ የውጭ አገር ተመልካች ባዶውንና የተዋናዩን ከንፈር መንቀሳቀስ እያየ፣ ራሱ ይስቃል። ከዚህ የባሰው ስህተት ደግሞ የቀልዱን መጨረሻ ቀድሞ መጻፍ ነው። ተዋናዩ ገና ግማሹን ሲናገር ጽሑፉ ሙሉውን ካወጣው አዳራሹ ቀድሞት ይስቃል፤ ተዋናዩ ቃሉን ሲጨርስ ጸጥታ ይቀበለዋል። ስለዚህ የመጨረሻዋ ቃል ለብቻዋ፣ ከአፉ ስትወጣ እኩል መታየት አለባት። ሁለቱን ቋንቋ የሚያቀላቅል የአሰላ ንግግር ከሆነ አንደኛውን ዘመም ባለ ፊደል መጻፍ ይቻላል፤ ያኔ ኦሮምኛም አማርኛም የማያውቅ ሰው ቢያንስ መሻገሩን ያያል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም በቃል ላይ ብቻ የተሰቀለ ቀልድ ሩቅ አይሄድም። ሩቅ የሄዱትን ስመለከት ሳቃቸው የተሰቀለው በሌላ ነገር ላይ ሆኖ አገኘዋለሁ። የፍልስጤማዊ እንግሊዛዊው ባሲል ኻሊል «አቬ ማሪያ» 14 ደቂቃ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ካን ውድድር ገባ፤ ቀጥሎም ለኦስካር ታጨ። የዝምታ ስእለት ያለባቸው መነኮሳት በር ላይ የአይሁድ ሰፋሪዎች መኪና ተበላሽቶ ይቆማል፤ ሰንበት እየገባ ስለሆነ እንግዶቹ ስልክ መንካት አይችሉም። እነዚያ አይናገሩም፣ እነዚህ አይነኩም፤ ሳቁ ከሁለቱ ሕግ ግጭት ይወጣል። በ2023 ኦስካር ያገኘው «አን አይሪሽ ጉድባይ» ደግሞ 23 ደቂቃ ነው፤ እናታቸው የሞተችባቸው ሁለት ወንድማማቾች በሰሜን አየርላንድ የገጠር እርሻ ላይ የሚነታረኩበት ታሪክ። ሐዘንና ሳቅ አንድ ቤት ያድራሉ።

ሴኔጋላዊው ጅብሪል ዲዮፕ ማምቤቲ እ.ኤ.አ. በ1994 የሠራው «ለ ፍራን» ግን ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል። በዚያ ዓመት መጀመሪያ የሴፋ ፍራንክ ዋጋ በግማሽ ተቆረጠ። ማሪጎ የሚባል ድሃ ሙዚቀኛ የቤት ኪራይ አቅቶት መሣሪያው ይያዝበታል፤ ሎተሪ ይገዛና እንዳይጠፋበት በሩ ላይ በሙጫ ይለጥፈዋል። ሎተሪው ይወጣለታል። ወረቀቱ ግን ከበሩ አልላቀቅም ይላል፤ ስለዚህ በሩን ነቅሎ፣ በጀርባው አዝሎ፣ በዳካር ከተማ መሐል እስከ ሎተሪ ቢሮ ይጓዛል። በር ተሸክሞ አውቶቡስ የሚሳፈርን ሰው ለመረዳት ምንም ትርጉም አያስፈልግም። የብር ምንዛሪ በተቀየረበት ሰሞን ይህን ፊልም ደግሜ አይቼዋለሁ፤ ስለ አንድ አገር ኢኮኖሚ እንዲህ የሚያስረዳ ሌላ የ45 ደቂቃ ሥራ አላውቅም። 45 ደቂቃ በመሆኑም ከአጭር ፊልም የኦስካር ልክ ውጭ ነው፤ ርዝመት ጥበብን አይለካም፤ በር ግን ይዘጋል።

እነዚህን አይቼ ወደ ኢተያው ኮምባይነር ስመለስ፣ በ«ይግቡ» ላይ የተሰቀለው ቀልድ ወደ ዕቃና ወደ ሕግ መውረድ እንዳለበት ይገባኛል። አርሲ ለዚህ ሀብታም ነው። በ1960 ዓ.ም. ገደማ በስዊድን እርዳታ የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ ካዱ፣ ትራክተርና ምርጥ ዘር ወደ ደጋው አስገብቷል፤ ቁሉምሳ የምርምር ማዕከል የስንዴ ዝርያ ያወጣል፤ አሰላ ብቅል ፋብሪካ የገበሬውን ገብስ ይገዛል። ፈረሱና ኮምባይነሩ በአንድ ማሳ ይተያያሉ። ኦርቶዶክሱና ሙስሊሙ በአንድ ደቦ ይውላሉ፤ የአንዱ ጾም ሲገባ የሌላው ፍስክ ነው፤ ምሳ ማን ለማን ምን እንደሚያቀርብ ራሱ ጥንቃቄ የሞላበት ድራማ ነው። ሁለት ሕግ፣ አንድ ማሽን፣ የሚመጣ ዝናብ፤ «አቬ ማሪያ» ከዚህ የበለጠ ምን ነበረው?

ስለዚህ ትዕይንቱን እንዲህ እቀይረዋለሁ። ሽማግሌው ጠዋት ጎረምሳውን ሲያባርሩ ከተቀመጠበት ዱካ ላይ አስነሥተው ዱካዋን ይዘው ይገባሉ። ነጎድጓዱ ሲሰማ ዱካዋ ትወጣለች። ደመናው ሲጠጋ በዱካዋ ፋንታ ወንበር ይወጣል። ጠብታ ሲጀምር የሳሎኑን ሶፋ ልጆቻቸው ተሸክመው ወደ ማሳው ይሮጣሉ፤ ጎረምሳው ግን ወረፋውን ስልክ ላይ እያወራ አላያቸውም፣ ቆሞ ይዞራል፣ ሶፋውም ከኋላው ይከተለዋል። «ይግቡ» የሚለው ቃል ይኑር፤ የሚሰማው ሰው ይስቅበት፤ የማይሰማው ደግሞ በሶፋው ይስቃል። ሁለት ሳቅ በአንድ ፊልም፤ የአገር ሰው ሁለቱንም፣ የውጭ ሰው አንዱን ያገኛል። ሽማግሌውም ክብራቸውን አያጡም፤ ልባቸው በስንዴያቸው ነው የተሰቀለው፤ ያን ስንዴ ያጣ ቤት ምን እንደሚሆን ለሚያውቅ ሰው ሳቁ ከሥሩ ጭንቀት አለው።

አንድ ነገር ይቀራል፤ ለእኔ ከሁሉም የሚያንገበግበኝ። ፊልሙ ፈረንሳይ ደርሶ አሰላ ሳይታይ ሊቀር ይችላል። አዲስ አበባ ውስጥ በ2006 ዓ.ም. የተጀመረው የጉማ ሽልማት አለ፤ ፌስቲቫሎችም አሉ። ቦሌ ላይ ዓለም ሲኒማን የሠራው ራሱ የአሰላ ልጅ ኃይሌ ነው። በወጉ የታሰበበት ቢሆን ከዋናው ፊልም በፊት አሥር ደቂቃ አጭር ፊልም ማሳየት ለየትኛውም ሲኒማ ቤት ወጪው ትንሽ ነው። ለአሰላ ግን ሌላ አዳራሽ አለ፤ ማንም እንደ ሲኒማ የማይቆጥረው፤ የኳስ ማሳያ ቤት። ቅዳሜ ከሰዓት የእንግሊዝ ሊግ ሲታይ መቶ ሰው አግዳሚ ወንበር ላይ ተጠጋግቶ ይቀመጣል። በመሐል እረፍት አለ። እረፍቱ 15 ደቂቃ ነው፤ ልክ ካን ለአጭር ፊልም የፈቀደውን ያህል።

ባለቤቱን አናግሮ፣ ኢንተርኔት ላይ ሳይወጣ፣ በፍላሽ ብቻ፣ ገና ያላለቀውን ፊልም በእረፍቱ ማሳየት ይቻላል። ምርቃት አይደለም፤ ሙከራ ነው። እነዚያ መቶ ሰዎች ከየትኛውም መራጭ ይከብዳሉ፤ ቡድናቸው እየተሸነፈ ሊሆን ይችላል፤ ሻይ ይታዘዛል፤ ግማሹ ሽንት ቤት ይሄዳል። ፊልም ሰሪው ከኋላ ቆሞ፣ ደብተር ይዞ፣ በስንተኛው ደቂቃ እንደተሳቀ፣ በስንተኛው ሰው ወደ ስልኩ እንዳቀረቀረ ይጽፋል። ማታ ቤቱ ገብቶ ያቀረቀሩበትን ደቂቃ ይቆርጣል። ሶፋው በር ላይ የተቀረቀረበት ቦታ ላይ ሳቁ ከጠበቀው በላይ ከረዘመ፣ የሚቀጥለው ንግግር እንዳይዋጥ ሁለት ሰከንድ ዝምታ ይጨምርበታል፤ ያ ሁለት ሰከንድ ክሌርሞን ፌራንም ላይ ያስፈልገዋል።